ከነሐሱ ባሌ ጎን

ሆንግ ኮንግ፣ ማርች 17 ቀን 1996

ሚንዳዬ፣

ደብዳቤሽን ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ነው ያነበብኩት። እመቤቴ ሳሎን ተቀምጣ ስለነበር ስስቅ እንዳትሰማኝ ብዬ ነው። ጤናዬ ደህና ነው፣ ጉንፋኑም ለቆኛል። ለሰላምታ ይህን ያህል ይበቃናል፤ አንቺም እኔም ለወሬው ቸኩለናል።

አዎ፣ ሩፊኖ ጽፎልኛል። ባሌን ታውቂው የለ? በአራት መስመር ጨረሰው። «ለአደባባያችን የቦኒፋሲዮን ሐውልት የሚሠሩ ቀራጺ ከማኒላ መጥተዋል። ወደብ ላይ ጆንያ ስሸከም አዩኝና ትከሻህን አውሰኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ክላሪሳ ደህና ናት።» በቃ። እኔ ግን እነዚህን አራት መስመሮች እያመነዠክሁ ስንት ቀን ከረምኩ መሰለሽ።

ባለፈው እሁድ እንደ ልማዳችን እዚህ ሆንግ ኮንግ አደባባይ ላይ ካርቶን አንጥፈን ስንቀመጥ ለአገራችን ልጆች ሁሉ አነበብኩላቸው። አንዷ የሴቡ ደሴት ልጅ፣ «ባልሽ እንዲህ ጀግና ከሆነ አንቺን ለምን የሰው ሽንት ቤት ያሳጥብሻል?» አለችኝ። «ቦኒፋሲዮስ ሚስቱን አንደላቆ ያኖራት መሰለሽ?» ብዬ ዝም አሰኘኋት። እመቤቴ ሳትቀር ጠየቀችኝ፣ «ማን ነው ሰውየው?» ብላ። መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ ድሃውን አስነስቶ ስፔኖችን በገጀራ የገጠመ ነው አልኳት። «አሸነፈ?» አለችኝ። የራሱ ሰዎች ገደሉት ስላት ሻይዋን አስቀምጣ ምሳ አቅርቢ አለችኝ።

ኩራቴን አልደብቅሽም። ቤቴን ጥዬ ልጄን በአንቺ እጅ ትቼ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ያህል ደረቴን የነፋሁበት ቀን የለም። ግን አንድ ነገር እሱም አልጻፈልኝ፣ አንቺም ዘለልሽው። የቦኒፋሲዮ ሚስት ኦሪያንግም ከጎኑ ትቆማለች፣ ክንዱን ይዛ፣ ብለሽኛል። እሷን የሆነችው ማን ናት? ከከተማችን ልጅ ናት? ያገባች ከሆነች ጥሩ። ጥርሷ የገጠጠ ከሆነ ደግሞ ይብሱን ጥሩ።

ክላሪሳን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ።

እህትሽ ዜናይዳ


ሳን ሮኬ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1996

እትዬ፣

ለፋሲካ የላክሽው ሁሉ ደርሷል። ጫማው ለክላሪሳ ትንሽ ሰፍቷታል፣ ግን ጥጥ ጠቅጥቄ አደረግሁላት፤ አውልቂው ብላት አልሰማ ብላኝ ይዛው ተኛች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ጣራው ላይ ስንወረውረው ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ ሲንከባለል ሰማችና «እማዬ ሆንግ ኮንግ ሆና ሰምታዋለች?» አለችኝ። ሰምታለች አልኳት።

ጣራው ያፈሳል ወይ ላልሽው፣ ጋሼ ሩፊኖ ሬንጅ ቀብቶታል። የሚያስለው ነገርም ትቶታል። መጠጥ ስላልሽው፣ እሁድ ከወደብ ጓደኞቹ ጋር ከሚቀምሳት በቀር የለም።

ሐውልቱ የሚሠራው ከዓሳ ወደቡ ጀርባ ባለው አሮጌ በረዶ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቀራጺው ጋሽ ፉልሄንሲዮ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጡ፣ ጢማቸው ውስጥ ሁልጊዜ ጭቃ አይጠፋም። ጋሼ ሩፊኖን ገጀራ አስይዘው እጁን ወደ ላይ አስነስተው ያቆሙታል። ማታ ቤት ሲመጣ ማንኪያ ማንሳት ያቅተዋል። «ስፔኖችን ለማባረር ከዚህ ያነሰ ጊዜ ሳይፈጅ አይቀርም» እያለ ሁላችንንም ያስቃል።

ስለ ሴትዮዋ የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ገና ጭቃ ናት እትዬ። ፊትም የላትም። በጭቃ ደግሞ ማን ይቀናል?

ዝናቡ ቀደም ብሎ ይመጣል እየተባለ ነው። ራስሽን ጠብቂ።

ታናሽሽ ሚንዳ


ሆንግ ኮንግ፣ ሜይ 19 ቀን 1996

ሚንዳ፣

ጎረቤታችን የዳቦ ቤቷ ሶሌዳድ የእህቷን ልጅ እዚህ አስቀጥራታለች። ልጅቷ ከሻንጣዋ የደረቀ ዓሳና የከተማችንን ጋዜጣ አወጣችልኝ። ዓሳውን በጋዜጣው ጠቅልለውት በሆነ፤ ቅባቱ ፎቶውን ባጠፋልኝ ነበር። ግን ጋዜጣው ለብቻው፣ በጥንቃቄ ታጥፎ ነው የመጣው። «እትዬ ሶሌዳድ ትኩራበት ብለው ነው» አለችኝ።

ኮራሁ። ከኋላ ሁለቱ ጭቃዎች ቆመዋል፣ ከፊታቸው ደግሞ ሕያዋኑ። ባሌ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ገጀራ አንስቷል። ክንዱን ይዛ የቆመችው ደግሞ እህቴ ናት።

ጭቃ ናት፣ ፊት የላትም አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ ፊት የለሽም።

እስቲ ንገሪኝ፣ ክንዱን ለመያዝ ሁለቱ እጆችሽ ያስፈልጋሉ? አንዱ አይበቃም ነበር? እኔ ለሠርጋችን ፎቶ ስንነሳ አንድ እጄን ብቻ ነው ያስያዙኝ፤ በሌላው አበባ ይዤ ነበር። የለበስሽው ቀሚስስ? የእናታችን ነው። ስትሞት ለታላቋ ብላ የተወችው፣ እኔ ሳጥን ውስጥ ናፍታሊን አድርጌ የቆለፍኩት። ቁልፉን የተውኩልሽ የክላሪሳን ብርድ ልብስ እንድታወጪ ነበር።

ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም። የሴቡዋ ልጅ «የጀግናው ሚስት፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» ስትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት። ምን ልበላት? እኔ የሰው ወለል ሳሻሽ አደባባያችን ላይ ባሌና እህቴ ተያይዘው ሊቆሙ ነው ልበላት? ሰው እኮ ነገ ይሞታል፣ ሐሜትም ከሰው ጋር ይሞታል። ነሐስ ግን አይሞትም። የክላሪሳ ልጆች በዚያ ሲያልፉ «እነዚህ አያቶቻችን ናቸው» ሊሉ ነው።

እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ይህን ቆጥሬብሽ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ቆጠርኩ። እዚያ በረዶ ፋብሪካ ሁለተኛ እንዳትረግጪ። ከቤቴም ውጪ። የት እንደምትሄጂ አልጠይቅሽም።

ዜናይዳ


ሳን ሮኬ፣ ጁን 23 ቀን 1996

እትዬ፣

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ሳታነቢ ብትቀጅው እንኳ ይቺ እንድትደርስሽ ነው።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ረጅሙን ደጋግሜ አነበብኩት። ከእሱ ቀጥሎ የላክሽውን፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ያለችበትን፣ አንድ ጊዜ አንብቤ አጠፍኩት።

የሆነውን ልንገርሽ። ለጋሼ ሩፊኖ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ጋሽ ፉልሄንሲዮ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምሳውን አስቀምጪና እዚህ ቁሚ» አሉኝ።

«እኔ?»

«ከአንቺ ሌላ ሰው ይታየኛል?»

«እኔ ሚስቱ አይደለሁም ጋሽዬ፣ የሚስቱ እህት ነኝ።»

«እሱስ ቦኒፋሲዮ ነው እንዴ? ጆንያ ተሸካሚ ነው። ቁሚ አልኩሽ፣ ጭቃው እየደረቀብኝ ነው።»

ቆምኩ። ክንዱን በሁለት እጅ ያዥ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። «ልትለቂው የማትፈልጊ ሁኚ፣ ግን አትጎትችው» አሉኝ። ቀሚስም እሳቸው ናቸው የድሮ ካለ አምጪ ያሉኝ፤ እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ መፈለግ እችል ነበር።

ጋሼ ሩፊኖ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም በማግስቱ የሠርጋችሁን ፎቶ ወስዶ «ፊቷን የሚስቴን ያድርጉልኝ» አላቸው። እሳቸው በአጉሊ መነጽር አዩና «ከዚህ የማወጣው ዓይነ ርግቡን ብቻ ነው። ሴትዮዋ የት አለች?» አሉት። «ሆንግ ኮንግ» አላቸው። «እንግዲያው እዚህ ያለችውን እሠራለሁ» አሉ። ለምን አልጻፍክልኝም እንዳትይው፤ ጻፊላት ብሎ ለኔ ነው የተወው፤ እኔ ደግሞ ፈራሁሽ።

ቅናት ያንቺ ብቻ መሰለሽ እትዬ? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የለበስኩት አንቺን የጠበበሽን ልብስ ነው። የተማርኩት አንቺ ከጨረስሽው መጽሐፍ ነው፣ ስምሽ ላዩ ላይ እንደተጻፈ። ክላሪሳ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯን ይዤ የማድረው እኔ ነኝ፤ ስትድን ደግሞ «እማዬ አሻንጉሊት ላከችልኝ» እያለች ሰፈሩን የምትዞረው በአንቺ ስም ነው። ደስ እያለኝ ነው ያሳደግኳት፣ ዋጋ ልጠይቅሽ አይደለም። ግን ሽማግሌው ትከሻዬን ለክተው ያንን ጭቃ ሲሠሩ፣ ለኔ ተብሎ የተለካ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ። ጥፋቴ ይህ ከሆነ ይህ ነው።

ከቤትሽ ወጥቻለሁ። ሶሌዳድ ዳቦ ቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጥታኝ ሊጥ አቦካላታለሁ። ስወጣ ጋሼ ሩፊኖ «ምን ሆናችሁ?» አለ። ከእትዬ ጋር ተጣላን አልኩት። በምን አላለኝም።

የአጭሩን ደብዳቤ ጥያቄ አልመልስልሽም።

ሚንዳ


ሆንግ ኮንግ፣ ኦገስት 11 ቀን 1996

ሚንዳ፣

ትናንት ደወልኩ፤ ሩፊኖ ክላሪሳን ስልክ ወዳለበት ወደ ሶሌዳድ ዳቦ ቤት ይዟት እንዲመጣ ነግሬው ነበር። ያወራችኝ ስለ አንድ ድመት ነው። ከዚያ አክስቴ ሚንዳ ለምን ከኛ ጋር አትኖርም አለችኝ። ሥራ ይዛ ነው አልኳት። «አንቺም ሥራ ይዘሽ ነው፣ እሷም ሥራ ይዛ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ዝም በይ የኔ እናት ስላት፣ ሳትሰማኝ ስልኩን ለአባቷ ሰጥታ ከኋላ ስምሽን እየጠራች ስትሄድ ሰማሁ። ዳቦ ቤቱ ጀርባ እንዳለሽ ታውቃለች ለካ። ቤቴ ብሆን ስምሽን ስትጠራ አፏን እይዛት ነበር፤ ከዚህ ሆኜ ግን ምን እይዛለሁ? የስልኩን ገመድ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

እንደ ትናንት በሰው ቀንቼ አላውቅም። ከፎቶው ይበልጣል፤ ይህን ስነግርሽ ደስ እንዳይልሽ።

ለቀራጺው መጻፌን ሩፊኖ ነግሮሽ ይሆናል። ጥሩ አድርጌ የተነሳሁትን፣ ባዶ ፊቴን የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ልኬላቸው ሚስቱ እኔ ነኝና ፊቱ የኔ ይሁን አልኳቸው። እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦ «እመቤት፣ ይህ የከተማው ሐውልት እንጂ የእርስዎ የጋብቻ ወረቀት አይደለም። የተላከልኝ ፎቶም ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው ፎቶ ነው።» እንዴት ያለ ባለጌ ሽማግሌ ነው። ያናደደኝ ልክ መሆኑ ነው፤ ለፓስፖርት ነበር የተነሳሁት።

ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ኦሪያንግ ሲያስተምሩን ትዝ ይልሻል? ባሏ ሲገደል ሬሳውን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ተንከራተተች፣ አላገኘችውም፤ ኋላ ሌላ አገባች። እኔ ያኔ ሌላ ማግባቷን አልወደድኩላትም ነበር። አሁን የማስበው ፍለጋ ላይ ሳለች ከኋላዋ ቤቷን ማን እንደጠበቀላት ነው። መጽሐፉ አይናገርም።

በሶሌዳድ በኩል የጠየቅሽኝን ፈቅጃለሁ። የክላሪሳን ጸጉር ጠዋት ጠዋት ሄደሽ ሥሪላት፤ አባቷ ሲሠራት የወፍ ጎጆ ታስመስላለች ትላለች ሶሌዳድ። ግን ሩፊኖ ወደብ ከሄደ በኋላ ይሁን። ከመሄዱ በፊት አትግቢ። ምን ያህል እንደጠበብኩ አውቀዋለሁ፣ አንቺ አትንገሪኝ።

ውሌ ኖቬምበር ላይ ያልቃል። አላድስም።

ዜናይዳ


ሳን ሮኬ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1996

እትዬ፣

ክላሪሳ ደህና ናት። ጸጉሯን ሁለት ጉንጉን አድርጌ በቀይ ሪባን አስሬላታለሁ። እንዳልሽኝ በመስኮት አይቼ፣ ጋሼ ሩፊኖ መንገዱን ሲያጥፍ ነው የምገባው። ያወቀብኝ ይመስለኛል፤ አሁን አሁን ዞር ሳይል ፈጠን ብሎ ይሄዳል።

እንዳልረግጥ የከለከልሽኝን በረዶ ፋብሪካ ረግጫለሁ፤ ይህን ራሴ ልንገርሽ። ጭቃውን ወደ ነሐስ ማቅለጫው ከመውሰዳቸው በፊት ሄጄ «ፊቴን ያጥፉልኝ» አልኳቸው ጋሽ ፉልሄንሲዮን። ያኔ ፊቷ አልቆ ነበር፤ እኔው ነበርኩ፣ ቁርጥ። ከራሴም ትንሽ አቁንጅተውኝ ነበር።

«ሁለታችሁም አብዳችኋል» አሉኝ። «አንዷ ፓስፖርት ትልካለች፣ አንዷ ፊት አጥፋልኝ ትላለች። ፎቶ አላይም ብያለሁ።»

«በፎቶ አይደለም፣ እኔ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

«ፊት በአፍ ይነገራል?»

«ይጠይቁኝ።»

ትኩር ብለው አዩኝና ወንበር ሳቡ። «ቅንድቧ?» አሉኝ። የግራው ቀድሞ ይነሳል፣ ልትቆጣ ስትል፤ የቀኙ ዘግይቶ ይከተላል አልኳቸው። «አፏ?» ዝም ብላም የምትናገር ትመስላለች። «አገጯ?» ሰው ሲያለቅስ ስታይ ወደ ውስጥ ትስበዋለች፣ ራሷ እንዳታለቅስ። «ዓይኗስ?» እዚህ ላይ አቃተኝ። ዓይንሽን የማውቀው ከታች ወደ ላይ ሳየው ነው፤ ልጅ ሆኜ። እንዲያ ስላቸው ተነሥተው ከጭቃው እግር ሥር አስቀመጡኝና «እንግዲያው ከታች ሆነሽ ንገሪኝ፣ ሰውም የሚያያት ከታች ነው» አሉኝ።

የፊቴን ማጥፋት ግን እሳቸው አልጀመሩትም። «እኔ የሠራሁትን አላፈርስም፣ ከፈለግሽ አንቺው» አሉና ዞር አሉ። አፍንጫዬን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጭቃው እርጥብ ነበር፣ አልተቃወመኝም።

ስለ እጆቹ ግን አልሰሙኝም። «እጆቹን አልነካም፣ በሕይወቴ ከሠራኋቸው እጆች ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው» አሉ። ለመንኳቸው እትዬ። እምቢ አሉ።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ሲንጋፖር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሥራ አግኝቻለሁ። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው የምሄደው። ከፈረምኩ በኋላ የምነግርሽ እንዳትከለክይኝ ነው፤ ይህን ደግሞ ከአንቺ ነው የተማርኩት። የእናታችንን ቀሚስ አጥቤ ሳጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ቁልፉን ሶሌዳድ ዘንድ ታገኝዋለሽ።

ክላሪሳን ለእናትሽ ቦታውን ልለቅላት ነው አልኳት። «ሁለታችሁም ብትሆኑስ?» አለችኝ።

ሚንዳ


ሳን ሮኬ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1996

ለእህቴ ለሚንዳ፣ ሲንጋፖር

አድራሻሽን ሶሌዳድ ሰጠችኝ፤ ለኔ ሳይሆን ለሷ መላክሽን አልፌዋለሁ።

ምርቃቱ እንዴት ነበር ብለሻታል። ዘነበ። ከንቲባው ዝናቡን እያየ ንግግሩን አላሳጠረም። ትልቁ መጋረጃ ሲገለጥ ረጥቦ ስለከበደ የሩፊኖ ገጀራ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሰዉም ሳቀ፤ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በመሰላል ወጥተው አላቀቁት። እኔ ከኋላ ነበር የቆምኩት፣ ክላሪሳን ይዤ። ሩፊኖ ከፊት ና ተብሎ ነበር፤ እምቢ ብሎ ከኛ ጋር ቆመ።

መጀመሪያ ያወቀችው ሶሌዳድ ናት። «ኧረ ዜናይዳ ናት» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አንዴ እኔን አንዴ ነሐሷን አየ። እኔ ግን ወዲያው አላወቅኋትም። ቆይቼ ነው። የዛሬዋ እኔ አይደለችም። እናታችንን ቀብረን ስንመለስ፣ አንቺን አዝዬ፣ መንገድ ላይ «አሁን ማን ነው የሚያበላን?» ስትይኝ የነበረኝ ፊት ነው። ያንን ፊት እኔ አይቼው አላውቅም፣ መስታወት አልነበረም። ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ማመስገን እንዳለብኝ አውቃለሁ። አመሰግናለሁ።

ግን እንዳልዋሽሽ፣ ዓይኔ ፊቱ ላይ ብዙ አልቆየም። ወርዶ እጆቹ ላይ ነው ያረፈው። ፊቱ የኔ፣ የያዘው እጅ ያንቺ። ክላሪሳ ጠጋ ብላ ተንጠራርታ እጇን እጅሽ ላይ አድርጋ «ይቺ አክስቴ ናት» ስትል የሰማት ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሩፊኖ ደህና ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም። እዚያ በረንዳ ላይ መስኮት አጥቢ ሲሉሽ ወደ ውጪ አትንጠልጠይ፤ አልችልም በያቸው።

ዜናይዳ


ሲንጋፖር፣ ማርች 2 ቀን 1997

እትዬ፣

ሰዎቹ ደጎች ናቸው። መስኮቱንም ከውስጥ ብቻ ነው የማጥበው። ሕፃኑ ሊለምደኝ ጀምሯል፤ ሲያቅፈኝ ግን ክላሪሳን ላለማሰብ ወዲያው አወርደዋለሁ፣ እናቱ ጨካኝ ሳልመስላት አልቀረሁም።

ያንን የአጭሩን ደብዳቤ ጥያቄሽን ዛሬ እመልስልሻለሁ። ከቤትሽ አጠገብ ሆኜ ልመልሰው አልቻልኩም ነበር፤ አሁን ከቤትሽም ባሕር ለይቶኛል።

አዎ።

እሱ አያውቅም። ምንም አልተናገርኩም፣ ምንም አልሆነም፣ እናታችን ትመስክር። ክንዱን እንድይዝ ያዘዙኝ ሰውዬ «አትጎትችው» ሲሉኝ አልጎተትኩትም። ይኸው ነው ታሪኬ በሙሉ። ሆንግ ኮንግ ሳለሽ በየደብዳቤው «ደህና ነው፣ አይጠጣም፣ ሳሉ ተወው» ብዬ ስጽፍልሽ፣ ያንን ሁሉ ለአንቺ ብቻ እየጠበቅሁት አልነበረም። ከዚህ የበለጠ አትጠይቂኝ።

እስክትመልሽልኝ ድረስ ሌላ አልጽፍም።

ሚንዳ


ሳን ሮኬ፣ ኦገስት 24 ቀን 1997

ሚንዳዬ፣

ስንት ወር ዝም እንዳልኩሽ አውቃለሁ። ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም፣ አላቃጠልኩትም፣ ለሩፊኖም አላሳየሁትም። ብዙ ጊዜ መልስ ጀምሬ ብዕሩን አስቀምጫለሁ። አንዳንዱ ስድብ ሆነብኝ፣ አንዳንዱ ይቅርታ፣ ሁለቱም እኔን አይመስሉም።

ሶሌዳድ ሳትጽፍልሽ አልቀረችም፤ አርግዣለሁ። የሚቀረኝ ትንሽ ነው። ክላሪሳ ወንድ ከሆነ አልጋዬን እለቅለታለሁ፣ ሴት ከሆነች አልለቅም ብላለች። የማንን ደም እንደወረሰች አንቺም ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ሩፊኖን «ክርስትና እናቱ ማን ትሁን?» አልኩት። «አንቺ የወደድሻት» አለኝ። «ሚንዳ» አልኩት። «ጥሩ» አለና ተነሥቶ ጓሮ ወጣ፣ ከአንድ ቀን በፊት ፈልጦ የጨረሰውን እንጨት እንደገና መፍለጥ ጀመረ።

አያውቅም ብለሽኛል። ይህን ሳልጽፍልሽ ባልፈው ማንም አይወቅሰኝም ነበር። በዲሴምበርም አልፌዋለሁ፤ ያኔ የጠረጠርኩትን «ሩፊኖ ደህና ነው» በምትለዋ ውስጥ ቀብሬልሻለሁ። አሁን ግን አንቺ አዎ ብለሽ ጽፈሽልኝ እኔ ልደብቅሽ ደስ አላለኝም። ከኔ ጋር በአደባባዩ ሲያልፍ አንገቱን ቀና አያደርግም፤ አፍሮ ነው፣ የራሱን ደረት በነሐስ ማየት ስለሚከብደው ነው እል ነበር። በማርች፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ፣ ከገበያ ዓሳ ይዤ ስመለስ ብቻውን አየሁት። ጆንያውን መሬት አስቀምጦ ሐውልቱ ሥር ቆሟል። ከአንገቱ መሐረቡን ፈታና ከእጆችሽ ላይ የርግብ ኩስ ጠረገ። በቀስታ፣ ጣት በጣት። ፊቴም ላይ ነበረብኝ። እሱን አልጠረገውም።

ፊቱ ሩቅ ነው፣ አይደርስም ልትይ ትችያለሽ። እኔም ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ። ቁመቱን ታውቂዋለሽ። ይደርሳል።

ዓሳውን ይዤ በሌላ መንገድ ዞሬ ቤት ገባሁ። አልጠየቅሁትም፣ አልጠይቀውምም። ጥሩ ባል ነው። ይመታኛል፣ ይሰክርብኛል፣ ይዋሸኛል የምልበት ነገር የለም። የሚወደኝም ይመስለኛል፤ ጀርባዬን ሲያመኝ ሳልነግረው ያውቃል። እንግዲህ በሰው ልብ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቆም እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺንስ ስጠላሽ ከርሜ፣ ምጥ ሲመጣብኝ እጄን ማን ይዞኝ ቢሆን ይሻላል ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያንቺ ስም ነው። እነዚያው እጆች ናቸው ደግሞ። አስቢው።

ለሶሌዳድ በጻፍሽው ላይ፣ ለጥምቀቱ ፈቃድ ብጠይቅ ይሰጡኛል፣ እትዬ ምን ትላለች ብለሻል። ቄሱን አነጋገርኳቸው። «ክርስትና እናቲቱ ሩቅ ካለች ሌላ ሴት በስሟ ቆማ ሕፃኑን ትይዛለች፣ ይቻላል» አሉኝ። «ብትመጣ ግን አይሻልም?» አሉኝ ደግሞ። መንገዱ ሩቅ ነው አልኳቸው።

ስለዚህ በአንቺ ስም ሶሌዳድ ትቆማለች። ሴት ከሆነች ሉዝቪሚንዳ እላታለሁ፣ ሙሉ ስምሽን፤ ሩፊኖ ቢፈልግም ባይፈልግም። የልጁ ክርስትና እናት አንቺ ነሽ፣ ይህን ማንም አይወስድብሽም፣ እኔም ብሆን። ሲያድግ ስለ አንቺ እነግረዋለሁ፣ ደግ ደጉን ብቻ፤ ሌላውን ለራሴ አስቀርቼ።

ግን ሚንዳ፣ አትምጪ። መቼ ልምጣ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ አላውቀውም። በአደባባዩ ሳልፍ ቀና ብዬ ፊቴን ብቻ አይቼ የማልፍበት ቀን ከመጣ እኔው ራሴ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያው ከዚያው ሆነሽ ውደጅን።

እህትሽ ዜናይዳ